አራት ጊዜ ደም የተወሰደባቸው በሽተኛ፦ የጆርጅ ዋሽንግተን የመጨረሻ ቀን

በሽተኛው የ67 ዓመት ሰው ናቸው። ቁመታቸው ከ1.85 ሜትር ይበልጣል። ደንዳና ሰውነት አላቸው፤ ቀኑን ሙሉ ፈረስ ላይ መዋል አይከብዳቸውም። ከሁለት ቀን በፊት ምንም አላመማቸውም ነበር። ስማቸው ጆርጅ ዋሽንግተን ነው፤ የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት። ሥልጣን ከለቀቁ ገና ሦስት ዓመት አልሞላም። ያሉት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ማውንት ቨርነን በሚባለው እርሻቸው ላይ ነው።

ጉዳዩን የመረጥኩት ሰውዬው ዝነኛ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ከዚያ ዘመን ሕሙማን መካከል የመጨረሻ ቀኑ እንዲህ በዝርዝር የተጻፈለት ሰው ማግኘት ይከብዳል። ጸሐፊያቸው ቶባያስ ሊር አልጋው አጠገብ ሆኖ ያየውን አስፍሯል። ሐኪሞቹም የራሳቸውን ዘገባ በጋዜጣ አውጥተዋል። ሁለቱን አስተያይቶ ላነበበ ሰው፣ ደም ሲጎድል ሰውነት ምን እንደሚያደርግና ጉድለቱን እንዴት እንደሚደብቅ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። ሐኪሞቹን ያሳታቸውም ይኸው መደበቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1799 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን እንደ ልማዳቸው በፈረስ እርሻቸውን ሲዞሩ ዋሉ። መጀመሪያ ብናኝ በረዶ፣ ከዚያ የበረዶ ጠጠር፣ ከዚያ ደግሞ ዝናብ ወረደባቸው። ከቀኑ 9 ሰዓት አልፎ ቤት ሲገቡ አንገታቸው እርጥብ ነበር፤ ፀጉራቸው ላይም በረዶ ነበር። ምግብ ቀርቦ ስለነበር ልብስ ሳይቀይሩ ማዕድ ላይ ተቀመጡ።

ዓርብ ጉሮሯቸውን አመማቸው። እንዲያም ሆኖ ከሰዓት በኋላ ወጥተው የሚቆረጡ ዛፎች ላይ ምልክት ሲያደርጉ ቆዩ። ማታ ድምፃቸው ሻክሮ ነበር። ሊር የሆነ መድኃኒት ቢወስዱ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ለጉንፋን ምንም ወስጄ አላውቅም፣ እንደመጣ ይሂድ አሉ።

ቅዳሜ ሌሊት፣ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ባለቤታቸውን ማርታን ቀሰቀሱ። መናገር አቅቷቸዋል። ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ማርታ ሰው ለመጥራት ሊነሱ ሲሉ ብርድ እንዳይመታቸው ብለው ከለከሏቸው። ሲነጋ ካሮላይን የምትባል በባርነት የተያዘች አገልጋይ እሳት ልታነድ ገባች። ሊርን ጠርታ እንድትመጣ ተላከች።

ለሐኪም መልእክት ተላከ። ሐኪሙ እስኪደርስ ዋሽንግተን ራሳቸው አንድ ነገር ጠየቁ፦ ሮሊንስ መጥቶ ደም ያውጣላቸው። ሮሊንስ ሐኪም አይደለም። የእርሻው ተቆጣጣሪ ነው። በእርሻው ላይ በባርነት የሚሠሩት ሰዎች ሲታመሙ ደም የሚያወጣው እሱ ነበር። በዚህ መሃል ሞላሰስ፣ ኮምጣጤና ቅቤ ደባልቀው ሊያጠጧቸው ሞከሩ። አንዲት ጠብታ አልወርድ አላቸው፤ ታንቀው ሊሞቱ ደረሱ።

ሮሊንስ ፀሐይ እንደወጣች ደረሰ። ተንቀጥቅጧል። ክንዳቸው ላይ ስለቱን ሊያሳርፍ ሲል ዋሽንግተን እንደምንም ድምፅ አውጥተው «አትፍራ» አሉት። ከበጣው በኋላ ደግሞ ቀዳዳው አልሰፋም አሉ። ደሙ ግን በደንብ ይፈስ ነበር። ማርታ ፈሩ። እንዲያቆሙት ሊርን ለመኑት። ሊር ማሰሪያውን ሊፈታ ሲሞክር ዋሽንግተን እጃቸውን አንስተው ከለከሉት፤ መናገር ሲችሉም «ጨምር» አሉ። በመጨረሻ የማርታ ጭንቀት አይሎ ደሙ ቆመ።

እዚህ ላይ ሁለቱ መዝገቦች ይለያያሉ። ሊር ግማሽ ፓይንት ገደማ ይላል፤ ይህ ከ240 ሚሊ ሊትር ብዙም አይርቅም። ሐኪሞቹ ከ12 እስከ 14 አውንስ ይላሉ፤ እሱ ደግሞ ወደ 400 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። እኔ ወደ ሐኪሞቹ ቁጥር አደላለሁ። ያም ቢሆን ጤነኛ ሰው ለደም ባንክ ከሚለግሰው አይበልጥም። እስከዚህ ድረስ የተጎዳ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ከዚያ የቤተሰቡ ሐኪምና የረጅም ጊዜ ወዳጃቸው ጄምስ ክሬይክ መጡ። ጉሮሯቸው ላይ ቆዳን የሚያቃጥልና ውኃ የሚያስቋጥር የጥንዚዛ ዱቄት ለጠፉ። ደም ደግመው አወጡ። በኮምጣጤና በሴጅ ቅጠል ሻይ እንዲጉመጠመጡ ሲደረግ ሊታፈኑ ነበር። ወደ 5 ሰዓት ገደማ ለሦስተኛ ጊዜ ደም ተወሰደ። ሊር ምንም ለውጥ አልመጣም ብሎ ጽፏል።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ኤሊሻ ዲክ ከአሌክሳንድሪያ፣ ጉስታቩስ ብራውን ከፖርት ቶባኮ ደረሱ። ተመካከሩና አራተኛው ተከተለ። በሐኪሞቹ ዘገባ ይህኛው ብቻ 32 አውንስ ያህል ነው፤ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ። ለበሽታው ቅንጣት ማስታገሻ አልሆነም ብለው ራሳቸው አምነዋል። የሊር ማስታወሻ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጥብኛል። ደሙ በዝግታ መጣ፣ ወፈር ብሎ ነበር፣ ራስን የመሳት ምልክትም አላመጣም ይላል።

በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት የሕክምና ምልክቶች አሉ። ሦስቱንም ወደ ኋላ እንፈታቸዋለን።

ከዚያ በኋላ ትንሽ መዋጥ ጀመሩ። ካሎሜል የሚባለውን የሜርኩሪ መድኃኒትና የሚያስመልስ ጨው ተሰጣቸው። ከ10 ሰዓት ተኩል ገደማ ሁለት ኑዛዜ አስመጥተው አንዱን አስቃጠሉ። ወደ 11 ሰዓት ለክሬይክ «ዶክተር፣ ነፍሴ በቀላሉ አልወጣ አለች፤ መሄዱን ግን አልፈራም» አሏቸው። ክሬይክ እጃቸውን ጨበጡ እንጂ መልስ መስጠት አልቻሉም። ማታ እግራቸው ላይ የስንዴ ገለባ ልጥፍ ተደረገ፤ ለደንቡ ያህል። ትንፋሽ ሲያጥራቸው እየተገላበጡ፣ ሊር ደግሞ አልጋው ላይ ወጥቶ እየደገፋቸው ቆዩ። ክሪስቶፈር የሚባለው በባርነት የተያዘ የግል አገልጋያቸው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለነበር እንዲቀመጥ በእጃቸው አሳዩት።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ሬሳዬን ከሦስት ቀን በፊት መቃብር ውስጥ እንዳታስገቡ አሉ። በሕይወት መቀበር በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ይፈራው የነበረ ነገር ነው። ከመሞታቸው 10 ደቂቃ ገደማ በፊት ትንፋሻቸው ቀለለ። እጃቸውን ከሊር እጅ አስለቀቁና የገዛ ራሳቸውን የደም ሥር ትርታ ዳሰሱ። ከዚያ እጃቸው ወደቀ።

ምን ያህል ደም ወጣ?

የመጀመሪያውና የአራተኛው መጠን ተጽፏል። በመሃል ያሉትን ሁለቱን ሐኪሞቹ «ብዙ» ብለው ነው ያለፏቸው። በኋላ የተነሡ አስላዮች ለእያንዳንዳቸው 18 አውንስ ገደማ ሰጥተው አራቱን ሲደምሩ ወደ 2.4 ሊትር አካባቢ ይመጣል። ከዚያ ከፍ የሚያደርጉትም አሉ። ሁሉም የተወሰደው ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

በእሳቸው ቁመትና ክብደት ያለ ወንድ 6 ሊትር ያህል ደም ይኖረዋል። ስለዚህ ከመቶ 40 እጅ ገደማ ወጥቷል ማለት ነው። ዛሬ ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ይደነግጣል። በአሁኑ ምደባ ከመቶ 15 እጅ በታች ሲፈስ ሰው ብዙም ላይታወቀው ይችላል። ከ30 ሲያልፍ የደም ግፊት መውረድ ይጀምራል። ከ40 ሲያልፍ ሕይወት አደጋ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን መርሳት የለብንም። ይህ ሚዛን ደም በአንዴ ሲፈስ ለሚሆነው ነው። የዋሽንግተን ደም በአራት ዙር፣ በመሃል ፋታ እየተሰጠ ነው የወጣው። ፋታው ውስጥ ሰውነት ሥራውን ይሠራል።

ሰውነት ጉድለቱን ሲደብቅ

ደም በደም ሥር ውስጥ የሚሄደው በግፊት ነው። ከልብ የሚያወጡት ደም ቅዳዎች ወፍራም ግድግዳ አላቸው፤ ግፊቱ ከፍተኛ ነው። ወደ ልብ የሚመልሱት ደም መልሶች ግድግዳቸው ስስ ነው፤ በቀላሉ ይለጠጣሉ። ከጠቅላላው ደማችን ሁለት ሦስተኛው ገደማ ምንጊዜም ያለው በእነዚሁ በደም መልሶች ውስጥ ነው። ሐኪሙ የሚበጣው ይህንኑ ማከማቻ ነው።

አንገት ላይ፣ ወደ ጭንቅላት በሚወጣው ትልቅ ደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ፣ ግፊት የሚለኩ የነርቭ ጫፎች አሉ። ከልብ በሚነሣው ዋናው ደም ቅዳ ቅስት ላይም አሉ። ግድግዳው ትንሽ ላላ ሲል ወዲያው ለአንጎል ይነግራሉ። አንጎልም በሰከንዶች ውስጥ ልብን ያፈጥናል። አድሬናሊንና መሰሎቹ ይረጫሉ። ደም መልሶቹ ይኮማተሩና ያከማቹትን ወደ ልብ ይገፉታል። ወደ ቆዳ፣ ወደ አንጀት፣ ወደ ኩላሊት የሚሄዱት ቀጫጭን ደም ቅዳዎች ይጠባሉ። ገቢው የቀነሰበት ቤት መጀመሪያ ልብስ መግዛቱን፣ ቀጥሎ እንግዳ መጋበዙን ትቶ የልጆቹን እንጀራ እንደሚያስቀድም ሁሉ፣ ሰውነትም ቆዳንና ሆድን አስርቦ ልብንና አንጎልን ይመግባል።

ለዚህ ነው ደም የጎደለው ሰው እጁ የሚቀዘቅዘው፣ ፊቱ የሚገረጣው፣ ሽንቱ የሚቀንሰው። አእምሮው ግን እስከ መጨረሻው ንቁ ሊሆን ይችላል። ዋሽንግተን ለአራተኛ ጊዜ ደም ከተወሰደባቸው በኋላ ኑዛዜ ሲለዩ አይተናል።

አሁን ወደ ሊር ዓረፍተ ነገር እንመለስ።

ደሙ በዝግታ የመጣው የክንድ ደም መልስ ጠቦና ግፊቱ ወርዶ ስለነበር ነው። ጠዋት በደንብ የፈሰሰው ደም ከሰዓት በኋላ ከዚያው ሰው ክንድ ሲንጠባጠብ፣ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምልክት አይገኝም። ማከማቻው ተሟጧል።

ወፈር ማለቱን መፍታት ትንሽ ይከብዳል። ደም ከፈሰሰ በኋላ ሰውነት ከሕዋሳት ዙሪያ ውኃ ስቦ ወደ ደም ሥር ስለሚያስገባ ደሙ መቅጠን ነበረበት። ሰውዬው ግን ከሌሊት ጀምረው አንድ ጉንጭ ውኃ አልዋጡም። ትኩሳትም ነበራቸው ብለን እናስብ። በዚያ ላይ ቀስ ብሎ የሚንጠባጠብ ደም ሳህኑ ላይ ሳይደርስ መርጋት ይጀምራል። ኦክስጅን ያነሰው ደም ደግሞ ይጠቁራል፤ የጠቆረ ደም ለዓይን የወፈረ ይመስላል። ሦስቱም አንድ ላይ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሦስተኛው፣ ራስን አለመሳቱ፣ ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ ነው። በዚያን ዘመን ደም አውጪው የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው መሣሪያ አልነበረውም። የደም ግፊት መለኪያ በክንድ ላይ የታሰረው ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1896 እ.ኤ.አ. ነው። የልብ ማዳመጫው እንኳ ገና አልተሠራም። ስለዚህ ብዙዎች የሚጠብቁት ምልክት በሽተኛው ራሱን መሳቱን ነበር። ሳተ፣ በቃ። አልሳተም፣ ገና ይቀራል።

ራስን መሳት ግን የደም መጠን መለኪያ አይደለም። ደም ወደ አንጎል ለአፍታ ሲያጥር የሚመጣ ነገር ነው። ቆሞ ያለ ሰው ጥቂት ደም ወጥቶበት፣ አንዳንዴም ደም አይቶ ብቻ ይወድቃል። አልጋ ላይ የተጋደመ ሰው አንጎሉና ልቡ እኩል ከፍታ ላይ ስለሆኑ ብዙ ፈስሶበትም ላይስት ይችላል። ዋሽንግተን አልጋ ላይ ነበሩ፤ ሰውነታቸውም ያለውን ኃይል ሁሉ አንጎላቸው ላይ አውሏል። ሐኪሞቹ የሚጠብቁት ደወል ሳይደወል ቀረ።

ሐኪሞቹ ምን ያውቁ ነበር?

ሞኞች አልነበሩም። ብራውን ኤድንብራ ተምረዋል። ዲክ ፊላዴልፊያ። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃርቪ ደም እየዞረ እንደሚመለስ ካሳየ 171 ዓመት ሆኖት ነበር። መጽሐፉ የታተመው በ1628 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ነው። ከሃርቪ በፊት ሰው ያምን የነበረው የጥንቱን ሐኪም የጋሌንን ትምህርት ነው፦ ጉበት ከምግብ ደም ይሠራል፣ ሰውነት ደግሞ ይጨርሰዋል። ሃርቪ ሒሳብ ሠራ። ልብ በእያንዳንዱ ምት የምትገፋው ጥቂት ቢሆን እንኳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድምሩ በመላ ሰውነት ካለው ደም ይበልጣል። ይህን ሁሉ ከምግብ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ያው ደም ነው የሚዞረው።

የሚገርመኝ ሌላው ማስረጃው ነው። ደም አውጪዎች ክንድ ላይ የሚያስሩትን ጨርቅ ወሰደ። መጠነኛ አድርገህ ብታስር፣ ከማሰሪያው በታች ያለው ደም መልስ ይነፋል። ውስጥ ያለው ደም ቅዳ ግን መምታቱን አያቆምም። አጥብቀህ ብታስር ግን ትርታው ይጠፋል፤ ደም መልሱም አይነፋም። ደም ወደ እጅ የሚገባው በጥልቁ ደም ቅዳ፣ የሚመለሰው በላዩ ደም መልስ መሆኑን ይኸው ማሰሪያ ያሳያል። ሮሊንስ ያን ቅዳሜ ጠዋት ያሰረው ጨርቅ ማለት የደም ዝውውር ማስረጃ ነበር። ደም የሚዞርና በልክ ያለ ነገር ከሆነ፣ ከጉበት በየቀኑ እንደ አዲስ የማይፈልቅ ከሆነ፣ ሊትር ሙሉ መድፋቱ ምን ትርጉም አለው? ይህን ጥያቄ ጮክ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ሃርቪ ራሱም ደም ማውጣትን አልተቃወመም።

ሌላም ነበር። እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ ፈረስ ደም ቅዳ ውስጥ ቱቦ አስገብቶ ደሙ በመስታወት ቱቦ ውስጥ እስከ 2.5 ሜትር ድረስ ሲወጣ ለካ። ከዚያ ደም እያፈሰሰ፣ ከፍታው እንዴት እንደሚወርድ መዘገበ። የታተመው በ1733 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዋሽንግተን በተወለዱ በዓመቱ። ቁጥሩ መጽሐፍ ውስጥ ነበር። አልጋው አጠገብ ግን አልደረሰም።

አልጋው አጠገብ የደረሰው የቤንጃሚን ራሽ ትምህርት ነው። ራሽ በዘመኑ በአሜሪካ ከነበሩት ሐኪሞች ሁሉ ስመ ጥር ነበሩ፤ ከዲክ መምህራንም አንዱ። በ1793 የፊላዴልፊያ ቢጫ ወባ ጊዜ ሕሙማንን ያለ ርኅራኄ ደም አወጡ። ይባስ ብሎ በሰው አካል ውስጥ ያለውን ደም ከእውነተኛው እጥፍ ያህል አድርገው ነበር የሚገምቱት። ዊሊያም ኮቤት የሚባል ጋዜጠኛ በዚህ ሲሳለቅባቸው ስም አጥፍቷል ብለው ከሰሱት። ረቱት፤ 5,000 ዶላር ተፈረደላቸው። ፍርዱ የተሰጠው ዲሴምበር 14 ቀን 1799 ነው። አዎ፣ ያችኑ ቅዳሜ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከሦስቱ ሐኪሞች አንዱ «አይሆንም» ብሎ ነበር፤ ያውም በዕድሜ ታናሹ፣ የ37 ዓመቱ ዲክ፣ የራሽ ተማሪ። ብራውን ከቀብሩ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ለክሬይክ በጻፉት ደብዳቤ ያስታውሱታል። ዲክ ይህ የቶንሲል መግል አይደለም፣ የጉሮሮ ሽፋን ከባድ ብግነት ነው ብለው ነበር። ደም ማውጣቱንም ተቃወሙ፦ ኃይላቸው ሁሉ ያስፈልጋቸዋል፣ ደም ማውጣት ደግሞ ይቀንሰዋል። ብራውን በደብዳቤው፣ ያን ጊዜ ሰምተናቸው ቢሆን ወዳጃችን ዛሬ በሕይወት ሊኖሩ ይችሉ ነበር ብለው ተጸጽተዋል። ወዲያው ደግሞ በነበረን ብርሃን ተመርተናል፣ ትክክል ነን ብለን አስበናል ይላሉ። ዲክ ከዚህም አልፈው የአየር ቧንቧውን ከውጭ በስቶ ማስተንፈስ እንዲሞከር ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሌሎቹ አልደፈሩም።

አልፈርድባቸውም። ያለ ማደንዘዣ፣ ባልተለመደ ቀዶ ጥገና፣ የአገሪቱን መሥራች ጉሮሮ መብሳት ቀላል ውሳኔ አይደለም። ቢሞቱ ሐኪሙን ማን ያተርፈዋል? ደም ማውጣቱ ላይ ግን ዲክ የተናገሩት አዲስ መሣሪያ አይፈልግም ነበር። ጠዋት የፈሰሰው ደም ከሰዓት ለምን ተንጠባጠበ ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃ ነበር።

ታዲያ ምን ገደላቸው?

አስከሬኑ አልተመረመረም። ዛሬ ጉዳዩን ያጠኑ ብዙዎች ኤፒግሎታይተስ ነው ይላሉ። ስንውጥ የአየር ቧንቧውን የምትከድነዋ ትንሽ ክዳን ተበክላ ታብጣለች። ምልክቶቹ ይገጥማሉ፦ ድንገተኛ ጅማሬ፣ መዋጥ አለመቻል፣ የድምፅ መዘጋት፣ ትንፋሽ ፍለጋ መገላበጥ። የቶንሲል መግል ወይም ዲፍቴሪያ ነው ያሉም አሉ።

ደም ማውጣቱ ብቻውን ገደላቸው የሚለው ታሪክ ለጆሮ ይጥማል፤ አልቀበለውም። ኤፒግሎታይተስ ከነበረ፣ ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት በሌለበት፣ በጉሮሮ ቱቦ ማስገባት በማይታወቅበት ጊዜ፣ አንድ ጠብታ ደም ሳይወሰድባቸውም ሊሞቱ ይችሉ ነበር። ይሁን እንጂ ሁለቱ ጉዳቶች የተገናኙት አንድ ቦታ ላይ ነው። ኦክስጅን ሕዋስ ጋ ለመድረስ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ሳንባ የሚገባ አየርና የሚሸከመው፣ በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን። አንድ ግራም ሄሞግሎቢን 1.34 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይሸከማል። ጉሮሮው መጥበቡ አየሩን ቀነሰ። ስለቱ ተሸካሚውን ቀነሰ። የጎደለው ደም በሙሉ በውኃ ተተክቶ እንኳ ቢሆን፣ የሄሞግሎቢኑ መጠን ሲሶ ያህል ይወርድ ነበር። ፕላዝማው፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይመለሳል፤ ቀይ ሕዋሳቱ ግን ሳምንታት ይፈጃሉ። እሳቸው የነበራቸው ሰዓታት ናቸው።

ጤነኛ ሰው ሲታፈን ልቡ ፈጥኖ፣ ደሙን አፍጥኖ አዙሮ ይታገላል። ይህ መጠባበቂያ ነው። የዋሽንግተን መጠባበቂያ ከጠዋት ጀምሮ ሲወጣ ውሎ ሳህን ውስጥ ተቀምጧል። መጨረሻ ላይ ትንፋሻቸው መቅለሉም መሻል አልነበረም። ለመተንፈስ የሚታገሉት ጡንቻዎች ሲደክሙ፣ አንጎልም ሲዝል፣ ታጋዩ ሰው ዝም ይላል።

በማግስቱ ዊሊያም ቶርንተን ደረሱ። በዋሽንግተን ከተማ ያለውን ካፒቶል የተባለውን የምክር ቤት ሕንፃ የነደፉት ናቸው፤ ሕክምናም ተምረዋል። ጉሮሮ በስተው ሊያስተነፍሱ አስበው ነበር የመጡት፤ ወዳጃቸው ግን ሞተው፣ በርደውና ደርቀው አገኟቸው። ተስፋ አልቆረጡም። ሬሳው መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ከዚያ በብርድ ልብስ ቀስ በቀስ ይሙቅ፤ የአየር ቧንቧው ተከፍቶ ሳንባው ይነፋ፤ የበግ ደም ይሰጥ አሉ። ቤተሰቡ እምቢ አለ። የበግ ደም በሰው ደም ሥር ውስጥ ወዲያው ይፈርሳል፤ የሞተን ሰውም አያስነሣም። ግን ዝርዝሩን ልብ በሉት፦ አየር ለሳንባ፣ ደም ለደም ሥር። በሽተኛው ቅዳሜ ዕለት የጎደሉት ሁለት ነገሮች እነዚህ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ

የዋሽንግተን ሞት ደም ማውጣትን አላስቆመም። ልማዱን ያነቃነቀው መቁጠር ነው። ፓሪስ ውስጥ ሐኪሙ ፒየር ሉዊ የሳንባ ምች የያዛቸውን 77 ሕሙማን መዝግቦ፣ ደም በስንተኛው ቀን እንደተወሰደባቸው ለያቸው። ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ከተወሰደባቸው 41 ሰዎች 18ቱ ሞቱ። ዘግይቶ ከተወሰደባቸው 36 ሰዎች የሞቱት 9 ናቸው። ጥናቱ ፍጹም አይደለም፤ ደም ያልተወሰደበት ቡድን እንኳ የለውም። ቀድሞ ደም ማውጣት ያድናል ለሚሉት ግን መልሱ ከባድ ነበር። መጽሐፉ በ1835 እ.ኤ.አ. ወጣ። ልማዱ ከዚያም በኋላ አሥርት ዓመታት ቆየ፤ ሐኪሙ ዊሊያም ኦስለር በ1892 ባሳተሙት የታወቀ የሕክምና መማሪያ ውስጥ እንኳ ለአንዳንድ የሳንባ ምች ሕሙማን ቦታ ሰጥተውታል።

ዛሬም ሐኪም ሆን ብሎ ደም የሚያወጣባቸው በሽታዎች አሉ። ብረት ከልክ በላይ በሰውነት የሚከማችበት ሄሞክሮማቶሲስ አንዱ ነው። ቀይ ሕዋሳት ከመጠን በላይ የሚመረቱበት ፖሊሲቴሚያ ቬራ ሌላው። የሚወሰደው በአንድ ጊዜ ግማሽ ሊትር ገደማ ነው፤ ሲያስፈልግም ከዚያ ያነሰ። የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ይለካል። ቀጣዩ ቀጠሮ የሚያዘው የደም ምርመራው ውጤት ታይቶ ነው።